በአንድ ገመድ የታሰሩ ሰዎች

በአገራችን ሰኔ ገብቶ ወንዞች ሲሞሉና መንገደኛ ጕዞውን ለመስከረም ሲያቆይ፥ በአውሮፓ በጋው ይጀምራል። የዚያ አገር ሰዎች የዓመት ዕረፍታቸውን የሚወስዱት በእነዚህ ወራት ስለ ሆነ፥ ፈረንሳይን፥ ኢጣሊያን፥ ስዊዘርላንድንና ኦስትሪያን የሚያዳርሰው የአልፕስ ተራራ በእንግዳ ይሞላል። ከእነዚህም የሚበዙት በሸለቆው ውስጥ ተመላልሰው፥ ንጹሕ አየር ተቀብለው የሚመለሱ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ነጭ ለብሶ ከሩቅ ወደሚታየው ጫፍ ለመውጣት ይነሣሉ፤ ለዚሁም መንገድ የሚመራቸው ሰው ይቀጥራሉ። እኛም ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ስለሚቀጠረው ሰው ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ወራቱን ግን በእኛው ስም ጽፈናቸዋል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ተራራ ለመውጣት ደግሞ መሪ መቅጠር ለምን ያስፈልጋል? የእኛ ባላገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ አቀበት ሲወጣና ቍልቍለት ሲወርድ የሚኖር አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፥ በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ወሰን ላይ የቆመው ዝነኛው ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። ይሁን እንጂ በስሜን እረኛ ከብቱን አሰማርቶ በሚውልበት ከፍታ ላይ፥ በአልፕስ ከዓመት እስከ ዓመት የማያልቅ በረዶ ተኝቶበታል፤ አገሩ ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ሰሜን ያለ ነውና። ይህም በረዶ እንደ ዐለት በአንድ ስፍራ ጸንቶ የሚቀመጥ አይደለም። ከክብደቱ የተነሣ፥ ዓይን በማይለየው ዝግታ፥ እንደ ወንዝ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ሲፈስስም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የብዙ ሰው ቁመት የሚውጥ ጕድጓድ ሲሆን፥ አዲስ በረዶ ሲወርድበት አፉ ይሸፈንና ደኅና መሬት ይመስላል። የማያውቀው ሰው በእምነት ይረግጠዋል፤ የሚያውቀው ግን ከበረዶው ቀለምና ከገጹ ጥቂት መጕደል ጕድጓዱ የት እንዳለ ያነባል። መሪ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የገመዱን ነገር ለመረዳት ደግሞ ደብረ ዳሞን ማሰብ ይበቃል። ወደ አቡነ አረጋዊ ገዳም የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፥ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጣው አንዱን ጠፍር በእጁ ጨብጦ ሲሆን፥ ሁለተኛው ጠፍር በወገቡ ታስሮ ጫፉን ከላይ ያሉ መነኰሳት ይይዙለታል። እጁ ቢዝል ወይም እግሩ ቢስት የሚያድነው ይህ ሁለተኛው ነው። የአልፕስ መሪ ሥራም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን መሪው ከላይ ተደላድሎ የቆመ ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ በዚያው በሚያዳልጠው በረዶ ላይ የሚራመድ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሚወጡበት ጊዜ እርሱ ይቀድማል፤ በሚወርዱበት ጊዜ ደግሞ እንግዳው ከፊት ከፊት ሲሄድ እርሱ በስተኋላ፥ ማለት ከበላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል። እንግዳው ቢወድቅና መሪው ሊያቆመው ባይችል፥ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ይህ ሥራ እንደ ሥራ ከተቈጠረ ከሁለት መቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። ከዚያ በፊት የአገሩ ሰው ከፍተኛውን በረዶ ይፈራው ነበርና፥ የዱር ፍየል ከሚያድነውና እንደ ብርሌ የሚያበራ ድንጋይ ከዐለት መካከል እየፈለገ ከሚሸጠው ሰው በቀር የሚወጣበት አልነበረም። በ1760 ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር የተባለ የጄኔቭ ሊቅ፥ ከአልፕስ ሁሉ ከፍ ወዳለው ወደ ሞንብላን ጫፍ መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሽልማቱ ሳይወሰድ 26 ዓመት ቈየ። በ1786 በነሐሴ ወር ብርሌ ድንጋይ ፈላጊው ዣክ ባልማና የሻሞኒ መንደር ሐኪም ሚሼል ጋብርኤል ፓካር ሁለቱ ብቻ ወጡና ጫፉን ረገጡ። በማግሥቱ ዓመት ሶሲር ራሱ 18 መሪዎች አስከትሎ ወጣ። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝና የሌላም አገር ባለጠጎች ወደ ሻሞኒ ይጐርፉ ጀመር፤ የመንደሩም ባላገር ከእርሻው ይልቅ ከመሪነቱ የሚያገኘው ገንዘብ የሚበልጥ ሆነ።

ገንዘቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥረው ሰው ጌታ፥ የሚቀጠረው ደግሞ ድኻ በመሆኑ፥ «አይሆንም፥ እንመለስ» የሚለው ቃል ከመሪው አፍ በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም።

በ1820 በነሐሴ ወር ሐሜል የተባለ የሩሲያ መንግሥት ሊቅ ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር፥ ብዙ መሪዎች ይዞ ወደ ሞንብላን ወጣ። በመንገድ ላይ ሳሉ ዝናምና በረዶ ያዛቸውና በዐለት ጥግ ሁለት ሌሊት አደሩ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ሲገለጥላቸው፥ አዲስ የወረደው በረዶ ገና ሳይጠነክር ጕዞአቸውን ቀጠሉ። በዳገቱ ላይ አግድም ሲሄዱ በረዶው ከእግራቸው ሥር ተንዶ ከፊት የነበሩትን መሪዎች ወደ ስንጥቁ ወሰዳቸው። ሦስቱ ከዚያ አልወጡም። ሦስቱን ያስቀጠሩት እንግዶች ግን በሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የመንደሩ ሰዎች በዚህ ኀዘን ምክንያት ያደረጉት ነገር እጅግ የሚያስመሰግን ሆኖ አግኝተነዋል። በማግሥቱ በ1821 የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩም ሁለት ታላላቅ ሕጎች አወጣ። አንደኛው፥ እንግዳ ሲመጣ መሪዎቹ እየተሻሙ ዋጋ እንዳያወርዱና ለማግባባት ሲሉ የማይሆነውን ይሆናል እንዳይሉ፥ በተራ እንዲወጡ ነው። ሁለተኛው፥ ከእያንዳንዱ ገቢ ጥቂት ተቀንሶ ለተጐዳ መሪ፥ ለሞተም ሰው ሚስትና ልጆች መርጃ እንዲቀመጥ ነው። የእኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። እኛ እንደሚመስለን ግን የመርጃው ሣጥን ከቀብርና ከልቅሶ በላይ የሚሠራው ሥራ ነበረው። ቤቱ የሚራብበት ሰው አደጋውን እያየ ይገባበታል፤ ሚስቱና ልጆቹ እንደማይጣሉ የሚያውቅ ሰው ግን «እንመለስ» ለማለት አፉ ይከፈትለታል።

ስለ ሦስቱ ሟቾች አንድ ነገር እንጨምር። ጄምስ ፎርብስ የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ በረዶው በዓመት ስንት እንደሚሄድ ለክቶ፥ ሬሳቸው ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በበረዶው ግርጌ እንደሚወጣ ተናግሮ ነበር። እንዳለውም በ1861 አጥንታቸውና የልብሳቸው ቍራጭ ከበረዶው አፍ ወጣ፤ ከናዳው ካመለጡት መሪዎች አንዱ፥ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ፥ የጓደኞቹን ዕቃ ዐይቶ ለየው።

ከዚህ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1865 በሐምሌ ወር፥ ሰባት ሰዎች የማተርሆርንን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር፥ ሦስት የአገሩ ሰዎች፥ የሻሞኒው መሪ ሚሼል ክሮዝ፥ እንዲሁም ታውግቫልደር የተባሉት አባትና ልጅ የሴርማት መሪዎች ነበሩ። ከእንግሊዛውያኑ አንዱ ሐዶው ገና የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፥ የዚህ ዓይነት ዐለት ልምድ አልነበረውም፤ ነገር ግን አብሮት የመጣው ሰው ይችላል ብሎ መሰከረለት። ሲወርዱ ክሮዝ መጥረቢያውን አስቀምጦ የወጣቱን እግሮች አንድ በአንድ በእጁ ያስረግጠው ነበር። ወጣቱ አዳለጠውና ክሮዝን ገፍቶት ወደቀ፤ ከበላያቸው ያሉትን ሁለቱንም ገመዱ ጐተታቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ የነበረው ሽማግሌው ታውግቫልደር ዐለቱን ዐቅፎ ጸና፤ ነገር ግን በእርሱና በአራቱ መካከል የነበረው ገመድ ተበጠሰ። አራቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ወድቀው ሞቱ።

ታውግቫልደር ራሱን ለማዳን ገመዱን ቈረጠው የሚል ሐሜት ተነሣ። የአገሩ ዳኞች መርምረው ነጻ አወጡት፤ የተበጠሰውም ገመድ ከነበሩአቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው እንደ ነበረ ታወቀ። ይሁን እንጂ ሐሜቱ ሽማግሌውን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀውም። ቍራጩ ገመድ እስከ ዛሬ በሴርማት ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ይታያል። ዛሬ የሴርማት መሪዎች እንግዳን ወደ ማተርሆርን ከመውሰዳቸው በፊት በሌላ ዐለት ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዐይተው ይፈትኑታል እንጂ በሰው ምስክርነት አይወስዱትም።

ዛሬ መሪ ለመሆን የብዙ ዓመት ትምህርትና ፈተና ያስፈልጋል። የየአገሩም ማኅበሮች በ1965 በተመሠረተ ዓለም አቀፍ ኅብረት ይገናኛሉ። ሥራው የወንዶች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1983 ማርቲን ሮላን በፈረንሳይ የመጀመሪያዪቱ ሴት መሪ ሆነች። ወደ ሞንብላን አንድ መሪ ከሁለት እንግዶች በላይ አይወስድም፤ ወደ ማተርሆርን ግን አንድ ብቻ። ጕዞው ስድስት ቀን ያህል ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ ለመልመድና ሰውነትን ከስሱ አየር ጋር ለማስማማት ይውላሉ። ይህን ሳያደርግ በጥድፊያ የሚወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ሲብስም ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ ቋጥሮ ይሞታል።

በመጨረሻው ሌሊት ከማደሪያው ጎጆ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣሉ። እያንዳንዱ በግንባሩ ላይ ትንሽ መብራት አስሮ፥ ገመዱን በወገቡ ታጥቆ፥ ያለ ብዙ ንግግር በጨለማ ይሄዳል። በሌሊት የሚሄዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብርድ በረዶውን ያጠነክረዋል፥ በዐለቱ ስንጥቅ የገባውን ውሃ አርግቶ ድንጋዩን ድንጋይ ላይ ያጣብቀዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ይህ ሁሉ ይፈታል። በሞንብላን መንገድ ላይ ከጉቴ ጎጆ በታች ድንጋይ እንደ ዝናም የሚወርድበት ጠባብ ሸንተረር አለ፤ መሪዎች ጧት ሳይሞቅ ሊሻገሩት የሚጣደፉት ስለዚህ ነው። እንግዳው ፎቶግራፍ ለማንሣት ሊቆም ሲፈልግ መሪው ቢቈጣው፥ አያስቀይም።

ከሁሉ የምናደንቀው ግን የክፍያው ደንብ ነው። በብዙዎቹ ማኅበሮች ዘንድ እንግዳው የሚከፍለው ለመሪው ቀኖች ነው እንጂ ለጫፉ አይደለም። ነፋስ ቢነሣና መሪው ከጫፉ በታች ሁለት መቶ ሜትር ላይ «ይብቃን» ቢል፥ ገንዘቡ አይመለስም። እንግዶች ስለዚህ ያጕረመርማሉ፤ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ማጕረምረሙ አያስደንቅም። ነገር ግን ደመወዙ በጫፉ ላይ የተንጠለጠለ መሪ የማንን ነፍስ ይጠብቃል?

ይህ ሁሉ በ2022 በብርቱ ተፈተነ። በዚያ ዓመት የበረዶው ክምችት አነስተኛ፥ ሙቀቱም ከባድ ነበር። በሰኔ መጨረሻ በኢጣሊያ በማርሞላዳ ተራራ የበረዶው አንድ ክፍል ተገምሶ 11 ሰዎች ገደለ። በሐምሌ በስዊዘርላንድ ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ 5,184 ሜትር ደረሰ፤ ሞንብላን ከ4,800 ሜትር ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ፥ በአልፕስ ሁሉ ሌሊት እንኳ የሚያረጋ ብርድ ያለበት ስፍራ ጠፋ ማለት ነው። የሻሞኒና የሴን ዠርቬ መሪዎች በጉቴ በኩል ወደ ሞንብላን መውሰድ አቆሙ። መሪ ሳይዙ የሚወጡ ሰዎች ግን አላቆሙም፤ የሴን ዠርቬ ከንቲባ የሚወጣ ሁሉ ለማዳኛና ለመቅበሪያ 15,000 ዩሮ ያስይዝ እስከ ማለት ደረሰ፥ ጎጆዎቹንም ዘጋ። በዓመቱ በነሐሴ ያ ከፍታ ደግሞ ወደ 5,298 ሜትር አለፈ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ብቻ የስዊዘርላንድ ግግር በረዶ ከጠቅላላው አንድ ዐሥረኛ የሚሆነውን አጥቷል።

የመሪዎቹ እንጀራ ያለው በበጋው ሦስት ወር ውስጥ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብዙዎቹ እንግዶቻቸውን አግባብተው ወደ ሌሎች፥ ዝቅ ወዳሉ ጫፎች ወሰዱአቸው፤ አንዳንዱ እንግዳ ተስማማ፥ አንዳንዱም ትቶ ሄደ። ልጆቻቸው ይህን ሥራ ይወርሱ እንደ ሆነ ዛሬ በየቤቱ የሚነገር ጕዳይ ሆኗል።

በየዓመቱ እኛ በጾመ ፍልሰታ ላይ ሳለን፥ የላቲን ክርስቲያኖች የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት በነሐሴ 9 ቀን፥ የሻሞኒ መሪዎች የማኅበራቸውን በዓል ያደርጋሉ። ካህን ገመዳቸውንና መጥረቢያቸውን ይባርካል፤ የመሪዎቹ ስም በሕዝቡ ፊት አንድ በአንድ ይጠራል፤ በተራራው ላይ የሞቱትም ይታሰባሉ። በበዓሉ የሚሰበሰበው ገንዘብ በ1821 ወደ ተቋቋመው የመርጃ ሣጥን ይገባል።