የመስከረም ሮዝ አበባ፤ ከሻንጋይ መቃብር እስከ ሽቱትጋርት ጓሮ

ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሞልቷልና ዛሬ ስለ አንድ አበባ ላጫውታችሁ። ሙያዬ አይደለም፤ ቀን ቀን የምውለው ከማሽን ንድፍ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ ዳር፣ በኪራይ የያዝኳት ቁራሽ የጓሮ ቦታ አለችኝ። እዚያች ቦታ ላይ ይህ አበባ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያስደስተኝም ሲያስቸግረኝም ኖሯል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመኖች «ሄርብስት አኔሞነ» ይሉታል፤ የመጸው አኔሞን እንደማለት ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የጃፓን አኔሞን ነው የሚሉት። ክረምት ላይ ከላይ ይደርቅና ዓመት ዓመት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ መሬት ይዞ ይሰፋል፤ ከመካከሉ ቀጫጭን ግን ጠንካራ ዘንጎች አንድ ሜትር፣ ሲመቻቸውም ከዚያ በላይ ይወጣሉ። ደጋፊ እንጨት አይፈልጉም። ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ጫፋቸው ላይ ክብ ክብ እምቡጥ ይይዛል፤ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እየፈነዳ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ሁለት ወር ማለት ለአበባ ረጅም ዕድሜ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ጊዜው ነው። እዚህ አደይ አበባ የለም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የጎረቤቶቼ መደብ ደክሞ ቡናማ ሆኗል፤ ይህ ብቻ ሙሉ ሆኖ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቢጫ አይደለም፣ ሮዝ ነው፤ ግን በቀኑ ይደርሳል። ልጆቼ ሲያድጉ «የመስከረም አበባ» ብለው የሚያውቁት እሱን ነው።

ስሙ የጃፓን ይሁን እንጂ አገሩ ቻይና ነው። ጃፓኖች ከብዙ ዘመን በፊት ወስደው በየጓሯቸው አለመዱት። ስዊድናዊው ቱንበርግ እዚያ አይቶት በ1784 ስለ ጃፓን ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሕያው ተክሉን ወደ ለንደን የላከው ሮበርት ፎርቹን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተክል ሰብሳቢ ነው፤ በ1840ዎቹ። ያገኘው የት መሰላችሁ? በሻንጋይ ከተማ ቅጥር ዙሪያ ባሉ መቃብሮች መካከል፣ በኖቬምበር፣ ሌላው አበባ ሁሉ ሲያልቅ አብቦ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ከሂማላያ ዘመዱ ጋር አዳቀሉት። እኔ ዘንድ ያለው «ክዮኒግን ሻርሎተ» የተባለው ዓይነት ደግሞ እዚሁ ሽቱትጋርት፣ ፒትዘር በተባለ የችግኝ ጣቢያ፣ በ1898 የወጣ ነው። በአቅሙ የአገሩ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሮዝ ሆኖ የምናየው እውነተኛው የአበባ ቅጠል አይደለም፤ በሌሎች አበቦች ላይ እምቡጡን የሚሸፍነው አረንጓዴው ክፍል ነው፣ እዚህ ቀለም ይዞ የተዘረጋው። ወለላም የለውም፤ ንቦች የሚመጡት ለብናኙ ብቻ ነው። ቤተሰቡን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል፤ ጥቁር አዝሙድና የአዞ ሐረግ ዘመዶቹ ናቸው። የአዞ ሐረግ ቆዳ እንደሚያቆስል የሚያውቅ ያውቃል፤ የዚህም ፈሳሽ ቆዳ ስለሚቆጣ ሲቆረጥ ጓንት ማድረግ ይበጃል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ቦታዋን ያገኘሁት በ2014፣ አራት ዓመት ተራ ጠብቄ ነው። ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ እንዲህ ያለ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል፤ ቢያንስ ሲሶው ደግሞ ለአትክልትና ለፍራፍሬ መዋል አለበት። ስለዚህ አበባ የሚተከለው በጥበት ነው። በዚያው ኦክቶበር አንድ ሱቅ ዋጋ ቀንሶ ሲሸጥ ሦስት ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ኤፕሪል ላይ ስቆፍር ያገኘሁት ጥቁር የበሰበሰ ነገር ነበር። የእኔ አፈር እንደ ዋልካ የሚጣበቅ ነው፤ ሥር ያልሰደደ ችግኝ ክረምቱን በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ከረመ። ውርጩ ብቻውን አይገድለውም ነበር፤ የገደለው እርጥበቱ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ባልቴት ይህን ሁሉ ሲያዩ ከርመዋል። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ያን ዕለት አካፋቸውን ይዘው መጡና «በጸደይ ነው የሚተከለው» ብለው ከራሳቸው መደብ አንድ ጉማጅ ሥር ሰጡኝ። እስከ መጨረሻው በአንቱታ ነው የተነጋገርነው።

እሳቸው ያስተማሩኝ ይኸው ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። አፈሩን በደንብ ቆፍራችሁ የበሰለ ብስባሽ አቀላቅሉ። ውሃ የሚቋጥር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት። በችግኞቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ተዉ። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ አታጓድሉበት፤ የመጀመሪያውን ክረምት የረገፈ ቅጠል ጎዝጉዙለት። የደረቀውን ዘንግ ቆርጦ መጣል በክረምቱ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ግን አትድከሙ፤ ሙቀቱንና ድርቀቱን አይችልም።

ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በ2015 የተከልኩት ያን ዓመት አምስት ቅጠል አውጥቶ ተኛ። በ2016 ሁለት ዘንግ አሳየ። በ2017 ደረቴ ድረስ ደረሰ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት «አልተስማማውም» ብሎ ይነቅልና ቦታ ይቀይርለታል። መነቀል ደግሞ የሚጠላው ነገር ነው፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ማብዛት ከፈለጋችሁ በዘር አትሞክሩ፤ ድቅሎቹ ዘር እምብዛም አይዙም። ክረምት ላይ አምስት ሳንቲሜትር ያህል የሆኑ የሥር ቁራጮችን አሸዋ በተቀላቀለ አፈር ላይ አጋድሙና በስሱ ሸፍኑ፤ ብርድ በማይጠናበት ብርሃን ባለው ቦታ አስቀምጡ። በጸደይ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ ይወጣል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ቁራጭ ሥር ሁሉ ተክል ከሆነ፣ በመሬት ውስጥ የቀረውም እንዲሁ ነው። በ2019 አበባው ሁለት ካሬ ሜትር ይዞ በሽንኩርቴ መካከል ብቅ አለ። በዶማ ቆፍሬ አወጣሁት፤ በተከታዩ ዓመት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ለካ ስቆርጠው አባዝቼዋለሁ። በዚያው በጋ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣልኝ፤ የአትክልቱ ድርሻ ከሲሶ በታች ስለወረደ ካልተስተካከለ ውሉ ይታያል የሚል። አራት ዓመት የጠበቅሁላት ቦታ በአበባ ምክንያት ልትሄድ ነው።

ያኔ ነው መሐንዲስነቴ የሠራው። ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ስድሳ ሳንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ዙሪያውን ቀበርኩ፤ ጫፉን አምስት ሳንቲሜትር ከአፈር በላይ ተውኩት፣ ሥሩ ከላይ እንዳይሻገር። ከውጭ የቀረውን በሹካ እንጂ በዶማ አልነካሁትም፤ አፈሩን እያላሉ ሥሩን ሳይበጠስ መምዘዝ ነው። ሁለት በጋ ፈጀ። ውሉ ተረፈ፤ ፕላስቲኩም እስካሁን ይዟል። ዛሬ ብጀምር በመጀመሪያው ቀን ነበር የምቀብረው።

ባልቴቷ በ2021 ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። በእሳቸው ቦታ የገባው ወጣት መሬቱን ሁሉ በማረሻ ማሽን ገለበጠው። በተከታዩ ጸደይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አኔሞን ወጣበትና «የእርስዎ አበባ አጥሩን አልፎ መጣ» ብሎ ተቆጥቶ መጣ። የእኔ ከእሳቸው እንደ ተወለደ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አላመነኝም። ፕላስቲኩን ሳሳየው ግን ለዘብ አለ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሹካ ይዘን አብረን እንለቅማለን፤ በአጥሩ ጥግ አንድ መደብ እንዲቀርለትም ተስማምተናል። የለቀምነውን ሥር በከረጢት አድርገን ወደ ቆሻሻ እንልከዋለን። ብስባሽ ክምር ላይ እንዳትጥሉት፤ እኔ ጥዬው አይቻለሁ።