ከኬብል ቴሌቪዥን ወደ አንቴና

በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን፣ ማለትም ሥርጭትን በሽቦ ወደየቤቱ የሚያደርሰው የወርሃዊ ክፍያ አገልግሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው እንደ ፔንሲልቬንያ ባሉ ተራራማ አካባቢዎች አንድ የጋራ አንቴና ከፍ ባለ ቦታ ተክሎ ሞገድ ለማይደርሳቸው ነዋሪዎች ለማካፈል ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰቦች የማያዩዋቸውን ጣቢያዎች በጥቅል መግዛት ስለሰለቻቸው ውላቸውን እያቋረጡ ነው፤ ይበልጥ ቅር የሚያሰኘው ግን በ1992 የወጣው ሕግ የአየር ጣቢያዎች ከኬብል ድርጅቶች ዋጋ እንዲጠይቁ ስለፈቀደ፣ በአንቴና በነጻ የሚገኘው ሥርጭት በወርሃዊው ሂሳብ ላይ ራሱን ችሎ መቆጠሩ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች በጁን 12 ቀን 2009 ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ከተሻገሩ ወዲህ የአንቴና ምስል ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ይቆራረጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛው አንቴና ከብረት ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ማሰራጫው ማማ በሚያይ መስኮት አጠገብ መቀመጥና ቦታው በተቀየረ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ጣቢያዎችን እንደገና እንዲፈልግ መደረግ አለበት፤ ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲ፣ ፎክስና ፒቢኤስ በአብዛኞቹ ከተሞች በዚህ መንገድ ይገኛሉ።

ስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚተላለፍ ሥርጭት፣ ሌላው አማራጭ ሲሆን፣ የአማርኛ ዝግጅቶችን በዩቲዩብ ለሚከታተሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አስቀድሞ የተከፈለበት ኢንተርኔት ይበቃል። ሆኖም ኢንተርኔቱ ከኬብሉ ጋር በጥቅል የተገዛ ከሆነ ለብቻው ሲቀር ዋጋው ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ፣ የተከራዩትንም ዲኮደር ሲመልሱ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።