መረብ ያልያዛቸው፣ ካሜራ የያዛቸው የውቅያኖስ ፍጥረታት

በዓለም ላይ ትልቁ የእንስሳት ጉዞ የት ይካሄዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው በሴሬንጌቲ ሜዳ የሚተሙትን መንጎች ይጠራ ይሆናል፡፡ መልሱ ግን ያለው ባሕር ውስጥ ነው፡፡ ፀሐይ ስትጠልቅ በመላው ዓለም ውቅያኖሶች ቁጥር ሥፍር የሌላቸው ትናንሽ ፍጥረታት ከጨለማው ጥልቀት ተነስተው ለመመገብ ወደ ላይ ይወጣሉ፡፡ ሊነጋ ሲል ደግሞ በዓይናቸው ከሚያድኑ ጠላቶቻቸው ለማምለጥ ተመልሰው ይወርዳሉ፡፡ በየቀኑ የሚደገመው ይህ ጉዞ በሚንቀሳቀሰው ሕይወት ብዛት አቻ የለውም፡፡ ከተጓዦቹ መካከል ብዙዎቹ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መስታወት መሳይ አካል ስላላቸው ግን ለረጅም ዘመን በወጉ ያያቸው ሰው አልነበረም፡፡

የዚህ ጉዞ ፍንጭ የተገኘው በጦርነት ምክንያት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1942 በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ሶናር የተባለውን፣ ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ ይሞክሩ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው፡፡ ከ300 እስከ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ድምፁ የባሕር ወለል የነካ ይመስል ተመልሶ ይመጣ ነበር፡፡ ውኃው ግን ከዚያ በብዙ ይጠልቃል፡፡ በ1945 የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበሩት ማርቲን ጆንሰን፣ ይህ ‹‹ሐሰተኛ ወለል›› ሲመሽ ወደ ላይ እንደሚወጣና ሲነጋ እንደሚወርድ አሳዩ፡፡ ‹‹ወለሉ›› የተሠራው ከሕያዋን ፍጥረታት ነበር፡፡

ፍጥረታቱ እነማን ናቸው የሚለውን ለማወቅ የነበረው ዋነኛ መሣሪያ መረብ ነው፡፡ ዓሣና ሽሪምፕ በመረብ ሲወጡ ቅርጻቸውን እምብዛም አይለቁም፡፡ አካላቸው በአብዛኛው ውኃ የሆነው እንደ ጄሊፊሽ፣ ሳልፕና ሳይፎኖፎር ያሉት ግን ይቦጫጨቃሉ፡፡ መርከቡ ላይ የሚደርሰው ምንነቱ የማይለይ ዝልግልግ ነገር ነው፡፡ ስለዚህ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ከእውነተኛ ብዛታቸው በእጅጉ አንሰው ቆዩ፡፡ ይህንን የለወጡት አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊሊያም ሃምነርና ባልደረቦቻቸው ናቸው፡፡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በባሃማስ አቅራቢያ፣ በገመድ እየታሰሩ ወለሉ በማይታይ ጥልቅ ባሕር ውስጥ በመዋኘት ፍጥረታቱን ከነሕይወታቸው ተመለከቱ፡፡

ለመሆኑ እንስሳ እንዴት እንደ መስታወት ሊሆን ይችላል? በሰፊው ውቅያኖስ መሐል መደበቂያ ድንጋይም ሆነ ሣር የለም፡፡ ያለው አማራጭ ራስን ውኃ ማስመሰል ነው፡፡ ብርሃን ከውኃው ወጥቶ ወደ እንስሳው አካል ሲገባ የሚታጠፍበት መጠን እጅግ አነስተኛ ከሆነ፣ ሳይንጸባረቅና ሳይበተን ቀጥ ብሎ ያልፋል፡፡ የኢል ዓሣ ጫጩት ለዚህ ሲል ቀይ የደም ሕዋስ እንኳ ሳይኖረው እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ያድጋል፡፡ ሁለት ነገሮች ግን በቀላሉ አይደበቁም፡፡ አንደኛው ዓይን ነው፤ ለማየት የግድ ብርሃን ማስቀረት አለበት፡፡ ሁለተኛው ምግብ የያዘ ሆድ ነው፡፡ መስታወት ስኩዊድ የተባለው ፍጥረት ይህን ችግር የሚያቃልልበት ብልሃት አለው፡፡ ሰውነቱ ወደ የትም ቢዞር ቀጭኑን የምግብ መፍጫ ዕጢውን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ በማቆም፣ ከሥር ለሚያየው አዳኝ ጥላውን ያሳንሳል፡፡

አዳኝን የሚያታልለው ይህ አካል ፊልም ቀራጭንም ያስቸግራል፡፡ መብራት ከፊት ለፊት ቢበራበት ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል፤ የካሜራው ሌንስም የሚያተኩርበት ነገር ያጣል፡፡ መፍትሔው ማንኛችንም ቤት ውስጥ ያየነው ነው፡፡ በጨለማ ክፍል ውስጥ በበር ስንጥቅ የገባ የፀሐይ ጨረር፣ ቀድሞ የማይታየውን አቧራ ከጎን ሲመታው ያበራዋል፡፡ ጠላቂዎቹም መብራታቸውን ከካሜራው አርቀው በግራና በቀኝ ይዘረጋሉ፡፡ ያን ጊዜ የእንስሳው ዳርቻ፣ ጡንቻና የውስጥ አካል በጥቁሩ ሌሊት ላይ እንደተሳለ ሆኖ ይወጣል፡፡

‹‹ብላክዎተር›› ወይም የጥቁር ውኃ ጠለቃ በሚባለው በዚህ ሥራ ከታወቁት ቦታዎች አንዷ የሃዋይዋ ኮና ናት፡፡ የእሳተ ገሞራዋ ደሴት ቁልቁል ስለምትወርድ ጥልቁ ባሕር ከዳርቻው ሩቅ አይደለም፡፡ ጀልባዋ ሞተሯን አጥፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች፡፡ ጠላቂዎቹ ከጀልባዋ ጋር በገመድ ተያይዘው ከ10 እስከ 20 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፡፡ ገመዱ ለይስሙላ የታሰረ አይደለም፡፡ ከሥር ወለል፣ ከጎን ምልክት በሌለበት ጨለማ፣ ዓይኑን ጣት በምታህል ፍጥረት ላይ የተከለ ሰው ሳያውቀው ወደ ጥልቁ ሊሰምጥ ይችላል፡፡

የተገኘው ምስል ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው፡፡ ፍሮኒማ የተባለችው ትንሽ ፍጥረት የሳልፕን ሥጋ በልታ ባዶውን በርሜል መሳይ አካል መኖሪያ ስታደርገውና ልጆቿን ስታሳድግበት ይታያል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ በሃዋይ ጠላቂዎች የተነሱ የዓሣ ጫጩቶችን ፎቶግራፍ ከተሰበሰቡት ናሙናዎችና ከዘረ መላቸው ጋር አገናኝቷል፡፡ በመረብ ሲወጡ የሚበጣጠሱት ረጃጅም የክንፍ ክሮች በምስሎቹ ላይ ሙሉ ሆነው ይታያሉ፡፡ እርግጥ ነው፣ መብራት ራሱ ፍጥረታቱን ይስባል፤ ጠባያቸውንም ሊለውጥ ይችላል፡፡ ምስሉ የዓይን ምስክር እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም፡፡

ነገሩ የባሕር ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ ፍጥረታቱ ላይ የበሉትን ካርቦን ይዘው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ የሳልፕ ዓይነ ምድርም ክብደት ስላለው በፍጥነት ይሰምጣል፡፡ በዚህ መንገድ ከአየር የተወሰደ ካርቦን ተመልሶ እንዳይወጣ ለረጅም ጊዜ ይቀበራል፡፡ በሌላ በኩል፣ በመካከለኛው ጥልቀት የሚኖሩትን ዓሦች በብዛት አጥምዶ ለመኖና ለዘይት ለማዋል የሚፈልጉ አሉ፡፡ ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለውን ባሕር ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2023 ጸድቆ ከጥር 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፡፡ ምን ያህል ይጠመድ፣ የትኛው ክፍል ይከለል የሚለው ክርክር በቀረበው መረጃ ይወሰናል፡፡ መረብ ብቻ የሰበሰበው መረጃ ደግሞ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹን የሌሉ ያህል ይቆጥራቸዋል፡፡