ያውቁ ኖሯል? የጂንካ በረራና የሻንጣ ኪሎ

ሻንጣዎ ላይ በሚታሰረው ወረቀት ጂንካ የምትታወቀው «ቢ-ሲ-ኦ» በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መነሻው ባኮ የሚለው የማረፊያው ሌላ ስም ነው። የአርባ ምንጭ ደግሞ «ኤ-ኤም-ኤች» ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ ፊደላቱን አየት ቢያደርጉ አይጎዱም፤ ሻንጣው አርባ ምንጭ፣ ባለቤቱ ጂንካ ከወረዱ መሐላቸው የግማሽ ቀን የመኪና መንገድ አለ።

የድሮው የጂንካ ማረፊያ ከተማዋ መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። የአሁኑ አስፋልት ነው። አውሮፕላኑ ግን ትልቅ አይደለም። በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ከ80 ያነሰ ሰው ነው የሚይዘው፤ ከራስጌ ያለው የዕቃ ማስቀመጫም ጠባብ ነው። በትልልቆቹ ጄቶች ላይ ያለ ችግር የሚገባ ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ እዚህ አልገባም ሊልዎት ይችላል። ያኔ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ይወሰድና ከታች ይጫናል። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ገንዘብ አስቀድመው በትከሻ ቦርሳ ለብቻ ይያዙ። ፓወር ባንክም እንዲሁ፤ እሱ እንዲያውም ከታች መጫን የተከለከለ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ከሰው ጋር ይገባል፤ ገበያ ላይ «20,000» ተብሎ የሚሸጠው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ስጋት የለውም። ወደ ኦሞ ዳር ለሚወርድ ሰው ደግሞ የግድ ነው።

«ሁለት ኪሎ ቢበልጥ ምን ይሆናል?» ይባላል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የባሰ ይሳሳል። አየር በሳሳ ቁጥር ክንፍ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ነዳጁም ሰውም ሻንጣውም ከዚያው ሒሳብ ላይ ነው የሚቀነሱት። እንደ ሴስና ካራቫን ባሉ ትናንሽ የኪራይ አውሮፕላኖች ለመሄድ ካሰቡ መንገደኛው ራሱ ሚዛን ላይ እንዲወጣ ቢጠየቅ አይቀየሙ። ሳሞአ ኤር የተባለው የፓስፊክ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ትኬቱን በተሳፋሪው ኪሎ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር።

በሌላው ዓለም ኪሎ ጥሩ ንግድ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በ2023 የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ብቻ የሰበሰቡት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በልጧል። የአውሮፓው ራያንኤር መጠኑ ያለፈ ሻንጣ ለያዘ ሠራተኛ ጉርሻ ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ልከኛ የእጅ ሻንጣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መግባት አለበት ብሎ ወስኗል፤ ስፔንም በ2024 አምስት ርካሽ አየር መንገዶችን 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች። ኩባንያዎቹ ይግባኝ አሉ። ማን እንደሚረታ እስኪታወቅ ሻንጣን ቤት መመዘን ሳይሻል አይቀርም።

ከውጭ የሚመጡ ወገኖች በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓለም አቀፍ በረራ የኢኮኖሚ መንገደኛ በአብዛኛው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ የአገር ውስጡ ከዚያ ያነሰ ነው። የጂንካው ጉዞ በዚያው አንድ ትኬት ላይ ከተጻፈ የውጭው ልክ ይቀጥላል። ለብቻ ከተገዛ ግን ቆጠራው ከቦሌ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ 46 ኪሎ ይዘው የመጡት እናት ለልጅ ልጅ ያመጡትን ጫማ ሰልፉ ላይ ሲያወጡ የሚታዩት ለዚህ ነው። በርካሽ አየር መንገድ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ ጂንካ ሌላ ትኬት መቁረጥ ያተርፋል ብለው ካሰቡ የሁለቱንም የሻንጣ ክፍያ ደምረው ያወዳድሩ። ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ የሚጫን ሻንጣን አይጨምርም።

ያው አንድ ትኬት ሌላም ጥቅም አለው። ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ስለሆነች ዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የጠፋ ሻንጣ እስከ 2,000 ዶላር ገደማ ሊያስክስ ይችላል፤ በአንድ ውል የተያዘው የጂንካ በረራም የዚያ ጉዞ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ለተሰበረ ዕቃ አቤቱታው በ7 ቀን፣ ለዘገየ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በቃል የተነገረ አይቆጠርም።

ኪሎ የሚጨምረው ሲመለሱ ነው። ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ ገበያ ይውላሉ፤ የመልስ በረራውን ከገበያው ቀን ጋር ያላገናዘበ ሰው ሻንጣውን አየር ማረፊያ በር ላይ እንደገና ያስራል። ከአሪ የሚመጣ ኮረሪማ ቀላል ነው፣ ይግዙ። ቅል ቀላል ቢሆንም ቦታ ይበላል፤ ውስጡን በካልሲ ሞልተው በእጅ ቢይዙት ይሻላል። ሐመሮች ቀን የሚቀመጡበትና ማታ የሚንተራሱበት ቦርኮቶ በእጅ ይገባል፤ ከሥሩ የእንጨት ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ነቀዝ አለበት ማለት ነው። አውስትራሊያ የሚገባ ሰው ደህናውንም ቢሆን ማስመዝገብ አለበት።

የሙርሲ የፍልሚያ ዱላስ? ወደ 2 ሜትር ይረዝማል። አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ነው የሚፈልጉት፤ ዱላው ኪሎ ሳይኖረው በቁመቱ ብቻ ያስከፍላል።

ማር በፍተሻ ዓይን ፈሳሽ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በእጅ አይገባም፤ ከታች ይጫናል፣ ክዳኑ ካልጠበቀ የሐዘኑ መጠን አይነገርም። አውሮፓ ለግል እስከ 2 ኪሎ ማር ያስገባል። ቅቤና ቋንጣ ግን ትንሽም ብትሆን አትገባም፤ የእናት እጅ ናት ቢሉም አይሰማም።

ያረጀ የሚመስል ዕቃ ገዝተዋል? ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ የተሠራ ከሆነ ደረሰኝ ይያዙ፤ ጥርጣሬ ካለ አዲስ አበባ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ አስቀድሞ ማሳየት ቦሌ ላይ ከመከራከር ያድናል።

በአውቶቡስ የመጣ ሰው ይህ ሁሉ የኪሎ ጣጣ አይመለከተውም። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መናኸሪያው ላይ ሚዛን የለም፣ ረዳቱ በዓይኑ ይመዝናል። ዋጋውን ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይስማሙ።