ወደ ባሕር ጠረፍ በመኪና ለሚወርዱ ስለ ማደሪያ አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በአውሮፓ የሚኖር ሰው ስለ ክረምት ጉዞ ሲናገር የሚያስበው ብርድንና በረዶን ነው። በእኛ አገር ግን እነዚያ ወራት፣ ይኸውም ታኅሣሥና ጥር፣ በጋ ናቸው፤ ለደገኛው ሌሊቱ ቢቀዘቅዝበትም፣ ለቆላውና ለባሕር ጠረፉ በዓመት ውስጥ የተመረጡት ቀኖች እነርሱ ናቸው። በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው የቀን ሙቀት በጥር ወደ 29 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤም በእነዚህ ወራት ዌል ሻርክ የተባለው ነጠብጣባም ታላቅ ዓሣ ወደ ዳር ይጠጋልና፣ እርሱን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። ስለዚህ ከአዲስ አበባም ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ ወደ ባሕር ለመውረድ የሚያስብ ሰው ወራቱን መምረጡ መልካም ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ባሕሩ ውበት አይደለም፤ ባሕሩ ዘንድ እስኪደረስ ድረስ በመንገድ ላይ የት የት ማደር እንደሚገባ ነው። ነገሩ ከጉዞው ሁሉ ትንሹ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መንገደኛውን በማያውቀው በረሃ ለጨለማ የሚያጋልጠው ይኸው ማደሪያውን አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው።

በዘነበወርቅና በአየር ጤና አካባቢ የሚኖር ባለመኪና ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው የጅማን መንገድ ነው። በማለዳ ይነሣል፤ በወሊሶ ቁርሱን፣ በወልቂጤ ምሳውን ይበላል፤ የጊቤን ቆላ ወርዶ ይወጣና ሳይመሽ ጅማ ይገባል። ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ቢዘገይ እንኳ በየመንገዱ ከተማ አያጣም፤ በደረሰበት ያድራል። ይህ ልማድ ለዚያ መንገድ ይበቃል። ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዘነበወርቅ ተነሥቶ እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል፤ ከተሞቹም ከአዋሽ በኋላ እየተራራቁ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ላይ «በደረስንበት እናድራለን» ማለት ማደሪያን ለዕድል መተው ነው።

እንግዲህ አሳቡን እንዴት እናድርገው? ብዙ ሰው ከቤቱ ጀምሮ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ቀን ጉልበት ስላለው ሩቅ ይሄዳል፤ የቀረውን ለነገ ይተዋል። እኔ የምመክረው ግን ከባሕሩ ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠርን ነው። ከጉዞው ሁሉ ሰዓቱ በመንገደኛው እጅ ያልሆነው ድንበሩ የሚታለፍበት ቀን ነው። በጋላፊ የጉዞ ሰነድና የመኪና ወረቀት ይመረመራል፤ የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ አቅጣጫ ስለሚመላለስ የከባድ መኪናው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ያለውም መንገድ ለብዙ ዘመን ጭነት ያደከመው ነው። ስለዚህ ያ ቀን ከንጋት ጀምሮ ሙሉ ሆኖ መሰጠት አለበት። ከንጋት ጋር በጋላፊ መንገድ ላይ ለመገኘት ደግሞ የዋዜማውን ሌሊት በሎጊያ ወይም በሰመራ ማደር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ሳይመሽ ሰመራ ለመግባት ከዚያ የቀደመውን ሌሊት ከደጋው ወርዶ በአዋሽ ማደር ይገባል። እንዲህ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሁለቱ ማደሪያዎች ራሳቸው ይገለጣሉ።

አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከዘነበወርቅ የተነሣ ሰው በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ዞሮ፣ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ አዳማ ይደርሳል፤ ከዚያም በወለንጪቲና በመተሐራ አልፎ ገና ፀሐይ ሳለች አዋሽ ይገባል። «ይህን ያህል ቅርብ ቦታ ማደር ቀን ማባከን አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በአንድ ቀን እስከ ሰመራ የሚነዳ ሰው የከተማውን መጨናነቅ፣ የቁልቁለቱን ድካምና የቆላውን ሙቀት በአንድ ላይ ይሸከማል፤ የመጨረሻውንም መንገድ የሚሄደው ዐይኑ ሲደክም፣ ብርሃኑም ሲጠፋ ነው። አዋሽ ያደረ ግን ለማግስቱ ከ350 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ብቻ ይቀረዋል።

ይህም አዲስ ጥበብ አይደለም። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በነበሩት ዘመናት ተሳፋሪውን የሚያመላልሰው ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከአዲስ አበባ የወረደ ሰው አንዱን ሌሊት በአዋሽ፣ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ባሕር ያይ ነበር። ሐዲድ ላይ ያለ ባቡር እንኳ ሌሊቱን ሲፈራ፣ በጎማ የሚሄድ ሰው ምን ይደፍራል? በነገራችን ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው የአዋሽ ወንዝ ራሱ ባሕር አይደርስም፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በድንበሩ ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

አሁን ስለ ፀሐይ እንናገር። በታኅሣሥ መጨረሻ በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሰመራ በኩል ደግሞ ከዋና ከተማው ይልቅ ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በቆላው ምሽቱ አይጎተትም፤ ፀሐይ ከገባች ጥቂት ቆይቶ ድፍን ጨለማ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከብትና ግመል ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ መንገዱንም ያቋርጣል። የግመል አካል ከፍ ያለ፣ እግሩም ረጅም ነውና፣ ትንሽ መኪና ሲመታው አፍንጫዋ እግሩን ያጥፍና ሰውነቱ በመስተዋቱ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ተበላሽተው ያለ መብራት በመንገድ ዳር፣ አንዳንዴም በመንገዱ ላይ፣ የቆሙ ተሳቢዎች አሉ። ስለዚህ የቀኑ ጉዞ መጨረሻ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይወሰን፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መኪናው ከማደሪያው ግቢ ውጭ አይገኝ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሁለት የብርሃን ሰዓቶች ለፈነዳ ጎማና ለጋለ ራዲያተር የተጠበቁ ናቸው እንጂ ለጉዞ አይደሉም።

ከአዋሽ በማለዳ የተነሣ ሰው በገዋኔ በኩል፣ የአየሉን ተራራ እያየ አልፎ፣ በሚሌ ኬላ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ሎጊያ ይደርሳል። በገዋኔም ሆነ በሚሌ ማደር ይቻላል፤ ነገር ግን ሚሌ ያደረ የድንበሩን ቀን ከኋላ ቀርቶ ይጀምራል። ሎጊያ የነጂዎች ከተማ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ይሰማባታል። ሕፃናት የያዘ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ሰመራ ቢያድር ይሻለዋል።

ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላትና ማደሪያዋ ብዙ ስለ ሆነ፣ ቤተሰብ ለያዘ ሰው የምትመች ናት። ይሁን እንጂ በዚህ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ቀን መቁጠሪያውን ይመልከት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ እስከ ድሬዳዋና እስከ ሐረር ድረስ አልጋ አስቀድሞ የተያዘ ነው፤ መንገዱም በምእመናን ይሞላል። ለንግሡ የሚሄድ ሰው ይህን ያውቃል፤ ባሕር ለማየት የወጣው ግን ሳያስበው በመኪናው ውስጥ ለማደር ይገደዳል።

ማደሪያው ሲመረጥ ደገኛው ብዙ ጊዜ የሚያየው የክፍሉን ንጽሕናና ዋጋውን ነው። በቆላ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ አጎበር ነው። በጋ ስለ ሆነ ወባ የለም የሚለው አሳብ ዛሬ አያስተማምንም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ ለቤት አገልግሎት በተጠራቀመ የበርሜልና የጋን ውኃ ውስጥ በከተማ መካከል ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በበጋው ወራት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርስዋ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ በጥናት ታውቋል። የዘነበወርቅ ሕፃን ደግሞ በደጋ ያደገ ነውና ሰውነቱ በሽታውን የሚቋቋምበት ልምድ የለውም። ስለዚህ አጎበርን ከቤት ይዞ መሄድ፣ ከክፍሉ መስኮት በታች ክፍት የውኃ በርሜል ቢኖር ሌላ ክፍል መጠየቅ፣ ከመነሣትም በፊት ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪም ማማከር ይገባል። ከተመለሱ በኋላ በሳምንት፣ በወር፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ትኩሳት ቢነሣ፣ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል «ቆላ ወርደን ነበር» የሚለው ይሁን። ይህ ሳይነገር ቀርቶ በሽታው እንደ ጉንፋን ቢታከም፣ የሚጠፋው ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል።

ስለ ውኃ ብዙ መናገር አያሻም፤ ለመኪናውም ለሰውም ከአዋሽ ሳይነሡ መሙላት ነው። የጎማውን ነፋስ ግን በማለዳ፣ ጎማው ሳይግል እንዲለኩት አደራ እላለሁ፤ በቀትር የተለካ ጎማ ትክክለኛውን አይናገርም።

ለእያንዳንዱም ሌሊት ሁለተኛ ማደሪያ በአሳብ መያዝ ይገባል፤ ይኸውም ከዋናው ማደሪያ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ያለ ቦታ መሆን አለበት። በ2017 ዓ.ም. በመተሐራ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ምድሪቱ ለወራት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ በተለይም በታኅሣሥና በጥር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። በዚያ ሰሞን አዋሽ ላድር ብሎ የወጣ መንገደኛ አዳማን በተጠባባቂነት ካላሰበ የት ይገባ ነበር? በአፋር በረሃም በአንዳንድ ስፍራ የጸጥታ መደፍረስ መንገዱን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በየማለዳው ከማደሪያው ሳይወጡ፣ ከፊት ለፊት ሌሊቱን የመጡትን ነጂዎች መጠየቅ ከማናቸውም ካርታ ይበልጣል። የጅቡቲም ጥቂት ዝናብ የሚዘንበው በእነዚሁ የብርድ ወራት መሆኑን አንርሳ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ድንገተኛ ጎርፍ ሰውን ገድሏል፤ ብዙ ቤትም አጥፍቷል። በባሕሩ አካባቢ ሲታደር ደረቅ ወንዝ አሸዋው ቢያምርም፣ መኪና ማቆሚያም ሆነ መኝታ አይደረግም።

የመልሱ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ሰው ቤቱ ስለ ናፈቀው ሁለቱን ሌሊት ወደ አንድ ሊያሳጥር ይፈልጋል። ነገር ግን ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ የተጫኑ ተሳቢዎች ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ እነርሱን ለመቅደም የሚቸኩለውም የደከመ ነጂ ነው። ስለዚህ ሰመራና አዋሽ በመልሱም ማደሪያ ይሁኑ። ከአዋሽ ሲነሡ ጋቢውና ሹራቡ ከዕቃው ሁሉ በላይ ይቀመጥ፤ በማለዳ በላብ የወጡት ልጆች በዚያው ቀን ማታ ዘነበወርቅ ሲወርዱ የታኅሣሥ ቁር ይቀበላቸዋል።