ኮስቲኩን ዘይቱ ይወስናል፣ ውሃውን እኛ

የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን ስለ ሳሙና ላውራችሁ። «ደላላ ሳሙና ውስጥ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ፣ የገባሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከእናንተም መካከል ሞራ፣ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ለቤት ሳሙና ሠሪዎች የምታቀርቡ ስላላችሁ ነገሩ ይመለከታችኋል።

አንድ የሴቶች ማኅበር ሳሙና የሚሠራው ሳያፈላ ነው። ኮስቲኩን በውሃ ያሟሙና ከቀለጠ ሞራና ዘይት ጋር እስኪወፍር ያማስሉታል፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገለብጡታል። ልካቸው ለ1 ኪሎ ቅባት 700 ግራም ሞራ፣ 300 ግራም የኮኮናት ዘይትና 145 ግራም ኮስቲክ ነበር። የኮኮናት ዋጋ አልቀመስ ሲል ምክር ጠየቁኝ። እኔም አዋቂ መስዬ «በሱፍ አበባ ቀይሩት፣ ዘይት ያው ዘይት ነው» አልኩ። 12 ኪሎ አቀረብኩላቸው፣ ከ28 ኪሎ ሞራ ጋር ሠሩት፣ ኮሚሽኔንም ወሰድኩ።

በሳምንቱ ሰብሳቢዋ ደወሉ። «ልጄ፣ ሳሙናው እጃችንን በላው።»

«እትዬ፣ ኮስቲክ በዝቶ ይሆን?»

«ኧረ እንደ ሁልጊዜው ነው የመዘንነው!»

ችግሩ እሱ ነበር። ዘይቱ ተቀይሮ ኮስቲኩ አልተቀየረም። እያንዳንዱ ቅባት ሳሙና ለመሆን የሚበላው የራሱ መጠን አለው። 1 ኪሎ የኮኮናት ዘይት 183 ግራም ገደማ ይበላል፣ ሞራ 140፣ የሱፍ አበባ 134፣ የጉሎ ዘይት ደግሞ 128። ኑግም ከሱፍ አበባ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አስሉት፦ 700 ግራም ሞራ 98 ይበላል፣ 300 ግራም ሱፍ አበባ 40፣ በድምሩ 138 ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ሁሌም 5 ከመቶ ይቀነሳል፣ ጥቂት ቅባት ሳይበላ ቀርቶ ቆዳን እንዲጠብቅ። ትክክለኛው 131 ግራም ነበር። እነሱ 145 ጨመሩ። 138ቱን ቅባቱ በላ፣ 7 ግራሙ በየኪሎው እጅ የሚበላ ኮስቲክ ሆኖ ቀረ። በ40 ኪሎ ቅባት ላይ ይሄ ወደ 280 ግራም ነው።

«ውሃ ጨምረን ብናቀጥነውስ?» አሉኝ። ውሃው ይተናል፣ ኮስቲኩ ግን እዚያው ይቀራል። ያዳነን ሳሙናውን ፍቆ፣ በቀስታ አቅልጦ 4 ኪሎ ተኩል የሱፍ አበባ ዘይት መጨመር ነበር፤ ግማሹ ትርፉን ኮስቲክ እንዲበላ፣ ግማሹ ለቆዳ እንዲተርፍ። የዘይቱን ሂሳብ ማን እንደከፈለ መናገር አያስፈልገኝም።

በነገራችን ላይ ጀሪካን የምትሸጡ ተጠንቀቁ። 20 ሊትር ዘይት 20 ኪሎ አይደለም፣ 18 ከ400 አካባቢ ነው። 20 ብሎ ያሰላ ሰው ያቺ 5 ከመቶ መጠባበቂያው አልቃ ወደ ትርፍ ኮስቲክ ይገባል። በሊትር ሳይሆን በሚዛን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ የምትመርጡት ነገር ነው፣ ግን ትከፍሉበታላችሁ። በቆሎ በ18 እርጥበት 100 ኩንታል ገዝቶ በ13 የሸጠ ሰው ወደ 6 ኩንታል አየር ላይ እንደሚቀርበት ታውቃላችሁ አይደል? ሳሙናም እንደዚያው ነው። ብዙ የስሌት ገጾች በራሳቸው የሚሰጡት ውሃ የቅባቱን 38 ከመቶ ነው፣ ለ1 ኪሎ ቅባት 380 ግራም ማለት ነው። የኮስቲኩን ሁለት እጥፍ ብትወስዱ ግን 262 ግራም ይበቃል። ልዩነቱ ወደ 118 ግራም ነው፣ በ40 ኪሎ ቅባት 4 ኪሎ ከ700። ያ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተኖ ይጠፋል። በሳምንቱ «100 ግራም» ብላችሁ ያሸጋችሁት ሳሙና ገዢው ጋ ሲደርስ ይቀልላል፣ ጠርዙም ይጣመማል። ማኅበሩ አሁን የሚመዝነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከደረቀ በኋላ ነው።

እኔ ለሞራ የበዛበት ሳሙና ሁለት እጥፍን እመርጣለሁ። የሱፍ አበባ ወይም ኑግ የበዛበት ቀስ ብሎ ስለሚወፍር ወደ አንድ ተኩል እጥፍ መውረድ ይቻላል። ለጀማሪ ሁለት ተኩል ይሻላል፣ ለማማሰል ጊዜ ይሰጣል። ለሽታ የቅርንፉድ ዘይት የምትጨምሩ ውሃ አትቀንሱ፣ በእጃችሁ ላይ ይደርቅባችኋል። ከኮስቲኩ እኩል በታች ግን ጭራሽ አይወረድም፣ አይሟሟም።

ኮስቲኩን ነው ወደ ውሃ መጨመር፣ ውሃውን ወደ ኮስቲክ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ኮስቲኩ ይበላዋል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ልጆች አይቅረቡ።

ከረጢቱ ተከፍቶ የከረመ ኮስቲክም እርጥበትና አየር ጠጥቶ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሳሙናው ለስልሶ ቅባት ቅባት ይላል። ያኔ በግምት ኮስቲክ የሚጨምሩ አሉ። አታድርጉት፣ አዲስ ግዙ። አቅራቢዎችም ከረጢቱ መቼ እንደተከፈተ ለገዢው ንገሩት።

ሰብሳቢዋ ትናንት ደውለው የጉሎ ዘይት ዋጋ ጠየቁኝ። ዋጋውን ሳልናገር «128» አልኳቸው፣ ሳቁ። የሞራና የኮስቲክ ዋጋ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።