ከአያት ጥቁር አንበሳ ሠላሳ ጊዜ

የጨረር ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው እንደ ራጅ አንዴ ተነስተው የሚመለሱበት ነገር ይመስለዋል። ለሳንባ ካንሰር ግን እንዲህ አይደለም። አያት አካባቢ የሚኖር ታካሚ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምናውን ቢጀምር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ሠላሳ ጊዜ ይመላለሳል። በከተማው ባቡር ሲኤምሲን፣ ጉርድ ሾላን፣ መገናኛንና ሀያ ሁለትን አልፎ ስታዲየም ይወርዳል፤ ከዚያ ሌላ ትራንስፖርት ይይዛል። ማሽኑ ሥር የሚተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ይሁንና ምልልሱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ ለምን እንደሆነ መረዳት ለታካሚውም ለአስታማሚውም ይጠቅማል።

ይህ ሕክምና በተለይ የሚታዘዘው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ካንሰር ነው። በሽታው ከሳንባው አልፎ ደረት መሀል ያሉትን የሊምፍ እጢዎች ይዟል፤ በቀዶ ሕክምና ጠርጎ ማውጣት አይቻልም፤ ወደ ጭንቅላት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት ግን ገና አልሄደም። እዚህ ደረጃ ላይ ማዳን አሁንም ይታሰባል። አራተኛ ደረጃ ሲሆን ዋናው ሕክምና መድኃኒት ነው፤ ጨረሩ የአጥንት ሕመም ለማስታገስ ወይም በሳል የሚወጣውን ደም ለማቆም፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ብቻ ይሰጣል።

ቀድሞ ለሦስተኛው ደረጃ የነበረው ጨረር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን ለወጠው። ጨረር ብቻ ካገኙት ታካሚዎች ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት 9.7 ወር ነበር፤ ከጨረሩ አስቀድመው የካንሰር መድኃኒት ለወሰዱት ይህ ጊዜ 13.8 ወር ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠትስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የበርካታ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ አምስት ዓመት የቆዩት በተከታታይ ከታከሙት 10.6 በመቶ፣ በአንድ ጊዜ ከታከሙት 15.1 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

ምስጢሩ ያለው በሴሉ ውስጥ ነው። ጨረር የካንሰር ሴሉን ዲኤንኤ ይበጥሳል፤ ሴሉ ደግሞ የተበጠሰውን መጠገን ይሞክራል። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ጥገናውን ያደናቅፋል። ከዚህም በላይ በደም ተዘዋውሮ ጨረሩ ያልታለመበት ቦታ የተበተነውን ያሳድዳል። የሲስፕላቲን አገኛኘት ራሱ ይገርመኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመራማሪው ባርኔት ሮዘንበርግ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምሩ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር ሲረዝሙ አዩ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ከሚያስተላልፉት የፕላቲነም ዘንጎች የሟሟው ውህድ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ለምን ሠላሳ ቀን? የተለመደው መጠን በየቀኑ 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በድምሩ 60 ግሬይ ነው። በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ጤናማው አካል በየማግስቱ ያገግማል፤ የካንሰሩ ሴል ግን እንደ ጤናማው መጠገን አይሆንለትም። መጠኑን መጨመርም መፍትሔ አልሆነም፦ 74 ግሬይ በተሞከረበት ትልቅ ጥናት ታካሚዎቹ 60 ግሬይ ካገኙት ቀድመው አረፉ። ዋናው ነገር አለማቋረጥ ነው። ሕክምናው በመሀል ከተቆረጠ የተረፉት ሴሎች መልሰው ይባዛሉ።

በኢትዮጵያ ይህ አለማቋረጥ ከባድ ሆኖ ኖሯል። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት የአገሩ ብቸኛ ማዕከል ነበር። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ገደማ ግማሽ ኃይሉን ያጣል፤ ያኔ ለአንድ ታካሚ የሚያስፈልገው ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋውም ይረዝማል። አቅም ያለው ከቦሌ ተሳፍሮ ሕንድ ወይም ታይላንድ ይሄዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሊኒየር አክስለሬተር ገብቷል፤ ጅማና ሐረርም ማዕከል አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑና መድኃኒቱ በአንድ ሳምንት መገናኘታቸው ነው። ማሽኑ ተራ ደርሶ ሲስፕላቲኑ ከጠፋ፣ ወይም መድኃኒቱ ተገዝቶ ወረፋው ካልደረሰ፣ በአንድ ጊዜ የሚባለው ሕክምና ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከቤት የሚጠበቀውም ብዙ ነው። ደረት ላይ በቀለም የሚሰመረው ምልክት ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ያሳያል፤ ታጥቦ መጥፋት የለበትም። ጠበል የሚጠመቅ ታካሚ ይህን ለባለሙያዎቹ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ መላ ይፈልጉለታል። ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ መዋጥ ያማል። ያን ጊዜ በርበሬ የበዛበት ወጥ ይቅርና አልጫ፣ አጥሚት፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ይቅረብ። ፆም ከሆነ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው፤ ክብደት የቀነሰ ታካሚ ሕክምናውን የመጨረስ ዕድሉ ያንሳል። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ በቂ ፈሳሽ ያስፈልጋል። አዲስ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ ቢመጣም፣ ሳንባው በጨረሩ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ካንሰሩ በስህተት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ተብሎ በቲቢ መድኃኒት ወራት ያለፈባቸው ሰዎች ሕክምናውን የሚጀምሩት ዘግይተው ነው፤ ሁለቱ በሽታዎች በሳልና በክብደት መቀነስ ይመሳሰላሉ። አክታው ቲቢ ካላሳየና መድኃኒቱ ካልሠራ ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በስድስቱ ሳምንታት መሀል ደግሞ በዓል ይገባል፤ ስቅለት ዓርብ ላይ ነው፣ ገናም በሥራ ቀን ሊውል ይችላል። የጎደለ ቀን ቅዳሜ ይካካሳል፣ ወይም በአንድ ቀን ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ታካሚው ደረቱ ላይ ምልክት በሚሰመርበት በመጀመሪያው ቀን፣ አስታማሚው ቀን መቁጠሪያውን ይዞ፣ የትኛው ቀን እንዴት እንደሚካካስ ይጠይቅ።